የአሥራ ዘጠነኛዋ መቀመጫ

«ዘጠነኛዋ ማን ፈቅዶላት ነው የገባችው?» አሉ መምህር ኃይለመስቀል።

እልፍነሽ ጠመኔውን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ተገትራ ቀረች። ከላይ «ፖታሲየም፣ 19» ብላ፣ ከሥሩ ደግሞ 2፣ 8፣ 9 ብላ ጽፋለች። ሲደመር አሥራ ዘጠኝ ይመጣል። ልቧ ስላላመነ ሁለት ጊዜ ደምራዋለች።

«በትርፍ ተጭና ነው ቲቸር!» ሲል ለማ ከኋላ ወንበር ጮኸ። ለማ የክፍሉ ቀልደኛ ነው፤ መምህር በገባ ቁጥር አንድ ነገር ሳይል ከዋለ ያመዋል። ዘጠነኛ «ሐ» በሳቅ ተናጋ።

መምህር ኃይለመስቀል ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት ስለ ጎረቤቶቻቸው የሚያወሩ እያስመሰሉ ነው። ኤሌክትሮንን «እሷ» ነው የሚሏት። ያን ሳምንት፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች በአተሙ መካከል ባለው ኒውክለስ ዙሪያ ሼል በሚባሉ ደረጃዎች እንደሚደረደሩ፣ የመጀመሪያው ሼል ሁለት፣ ሁለተኛው ስምንት፣ ሦስተኛው እስከ አሥራ ስምንት እንደሚይዝ አስተምረዋል። የፖታሲየም ድርድር ግን 2፣ 8፣ 8፣ 1 ነው።

«ቲቸር፣ ሦስተኛው ሼል አሥራ ስምንት ይይዛል ብለውን የለ?» አለች እልፍነሽ፣ ጆሮዋ እየጋለ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ አሥር ቦታ ባዶ እያለ፣ አሥራ ዘጠነኛዋ ለምን አራተኛው ላይ ሄዳ ብቻዋን ትቀመጣለች?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ይህን የሚያደርጉት ደስ ሲላቸው ነው።

«እኔ በናንተ ዕድሜ ይህን አልጠየቅሁም» አሉ። «ሸምድጄ አለፍኩ። እንግዲህ እስከ ሰኞ ጊዜ አላችሁ። ሳይሸመድድ፣ በገዛ አነጋገሩ ያስረዳኝ ተማሪ በሚቀጥለው ዓርብ በሚሄደው መኪና ዘጠነኛ ‹ሐ›ን ወክሎ ዓለማያ ይሄዳል።»

ይህን ሲሰሙ ሁሉም ተንጫጩ። የዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ቤተ ሙከራውን ሊያስጎበኝ ከየክፍሉ አንድ፣ አንድ ተማሪ ብቻ ጠርቷል። እዚያ እውነተኛ ፖታሲየም ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል። ቁራጩ ውኃ ሲነካ በሐምራዊ ነበልባል ይነድዳል። እልፍነሽ በትምህርት ቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ያየችው የፖታሲየም ጠርሙስ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት ባዶ ጠርሙስ ነው። ያንን ጠርሙስ ካየች ጀምሮ ነበልባሉን በዓይኗ ለማየት ያላት ጉጉት ልክ አጥቷል።

«ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ?» አሉ መምህሩ ደብተራቸውን እየሰበሰቡ። «ኤሌክትሮኗ ጉልበት ሲሰጧት ከመቀመጫዋ ወደ ላይ ትዘላለች። ግን እዚያ አትቆይም። ስትመለስ፣ የወሰደችውን በብርሃን መልክ ትመልሰዋለች።»

እልፍነሽ ቦታዋ ተመልሳ ይቺን ደብተሯ ላይ ጻፈቻት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሙና ቀድማ ጽፋታለች። ሙና የጀጎል ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ብዙም አይርቅም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው። እልፍነሽ አምና በታይፎይድ ሁለት ሳምንት ስትተኛ የሁሉንም ትምህርት ማስታወሻ በእጇ ገልብጣ ያመጣችላት ሙና ናት፤ ያውም ሥዕሎቹን በቀለም እርሳስ አሳምራ። ክፍል ውስጥ ግን ሙና አትናገርም። ሰባተኛ ክፍል እያለች ተነሥታ ስታነብ በአማርኛዋ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ መልሱን እያወቀችው ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ከእልፍነሽ በቀር ይህን ልብ ያለ የለም።

«ነገ እኛ ቤት ነይና አብረን እናስብበት» አለቻት ሙና፣ ሲወጡ።

እልፍነሽ የእነ ሙናን ግቢ ታውቀዋለች፤ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ቤቱ ውስጥ አንድም ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ፣ ሐረሪዎች ነደባ የሚሉት ምንጣፍ የለበሰ መደብ ሆኗል። ትልቁ መደብ ጠርዝ ላይ የሙና አክስቶች ተቀምጠው ያወራሉ። ከእነሱ ወደ ውስጥ፣ ትልልቅ መከዳ የተደረደረበት ሰፊ ቦታ ባዶውን ነው። እልፍነሽ ሰው ላለማስቸገር ብላ፣ አክስቶቹን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች አልፋ፣ ሄዳ መከዳው ላይ ደገፍ አለች።

ወሬው ቀጥ አለ። አንዷ አክስት አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ማሻአላህ!» አሉ የሙና አያት፣ ኡማ አሚና፣ ከፊት ለፊት ሆነው። «ሼኻችን መጡ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እልፍነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ተንደርድራ ተነሣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ባዶ መስሎኝ ነው።»

«ባዶስ ባዶ ነው፣ ልጄ» አሉ ኡማ አሚና። ሳቅ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ በር አጠገብ ወዳለችው ትንሽ መደብ ጠቆሟት። «ግን እዚያ ለመውጣት ብዙ ዕድሜ፣ ብዙ ኪታብ ይጠይቃል። እዚህች ለመቀመጥ ጫማ ማውለቅ ይበቃል። ነይ፣ ቢስሚላህ በይና ተቀመጪ። ለኔም ኡማ በይኝ፣ እንደ ሙና።»

እልፍነሽ ትንሿ መደብ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ሙና ቁጢ ይዛ መጣች፤ የቡና ቅጠሉ ከወተት ጋር ፈልቶ ሽታው ደስ ይላል። ግን ስኒውን ልትሰጣት እጇን እንደዘረጋች ቆመች።

«እልፌ» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ፣ አቦ!»

«አትቀልጂብኝ።»

«ወላሂ አልቀለድኩም!» ሙና ስኒውን አስጨበጠቻትና አጠገቧ ዘፍ አለች። «ትልቁ መደብ አንድ መደብ ነው አይደል? ግን ቦታው ሁሉ እኩል አይደለም። ጠርዙ ቀላል ነው፣ አክስቶቼ ይዘውታል። ወደ ውስጥ ያለው ይከብዳል። ሦስተኛው ሼል እንደሱ ነው። ስምንቱ ቀላሉን ቦታ ይዘዋል። የቀረው አሥር ቦታ ባዶ ነው፣ ግን እዚያ ለመውጣት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። አራተኛው ላይ፣ በር አጠገብ መቀመጥ ይቀላል። አሥራ ዘጠነኛዋ የሚቀላትን መረጠች!»

እልፍነሽ ባዶውን ቦታ አየች፣ አክስቶቹን አየች፣ የተቀመጠችበትን መደብ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ሙናን አንገቷን አቀፈቻት፤ ቁጢው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

ሰኞ ዕለት መምህር ኃይለመስቀል «እህ?» ከማለታቸው የእልፍነሽ እጅ ወጣ። ሰሌዳው ላይ መደቦቹን ሣለች። አክስቶቹን፣ መከዳውን፣ በር አጠገብ ያለችውን ትንሿን መደብ፣ ሁሉንም ተናገረች። ሼኽ ሆና መቀመጧንም ሳትደብቅ አወራች፤ ክፍሉ ሳቀ፣ ግን ይህ ሳቅ የሚጣፍጥ ነው። ስትጨርስ ለማ ራሱ አጨበጨበ።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉት። «ዐሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ሲባል አልሰማሁም» አሉ። «ማን አስረዳሽ?»

የሙና ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። መኪናው ታያት፣ ሐምራዊው ነበልባል ታያት።

«ማንም» አለች። «ራሴ ነኝ… ሳስብበት።»

«ግሩም ነው። ሃያኛዋስ?»

«እሷም በር አጠገብ ቲቸር፣ ከአሥራ ዘጠነኛዋ ጎን።»

«ሃያ አንደኛዋስ?»

እልፍነሽ ዞራ የሣለችውን አየች። በር አጠገብ ያለችው መደብ ስትሞላ ምን እንደሚሆን ቅዳሜ አልጠየቀችም። አሳቡ የራሷ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩንም ታገኘው ነበር። ዴስካቸው ላይ ያለችው ሙና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየች፤ ወዲያው ደወል ተደወለ።

«ረቡዕ ትነግሪኛለሽ» አሉ መምህሩ። «ለመኪናው ስም የማስተላልፈው ረቡዕ ነው።»

ትምህርት ሲያልቅ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ሙና ብትቆጣ፣ ብታኮርፍ፣ ደብተሯን ብትነጥቃት ለእልፍነሽ ይሻላት ነበር። ሙና ግን የሐኪም ጋራን አናት እያየች፣ «ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽው» አለቻት። «እኔ ብሆን ይስቁብኝ ነበር።»

የእልፍነሽ እናት ወይዘሮ ሮማነወርቅ የቅዳሜውን ነገር ከልጃቸው አፍ፣ እንዳለ ሰምተዋል። ሰኞ ማታ፣ «ለመሆኑ ያቺን ልጅ አመስግነሻታል?» አሏት። እልፍነሽ ደብተሯን ገልጣ አቀረቀረች። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አስጨበጧት። ዘመኑ ስኳር በቀበሌ ካርድ የሚታደልበት ነው፤ የወሩ ድርሻቸው እኩሌታ ነበር።

«ቤታቸው አስገብተው፣ አጠጥተው፣ አስተምረው ልከውሻል። ባዶ እጅሽን አትሄጂም» አሉ።

«እማዬ፣ ለኛስ?»

«እኛ ሻያችንን መራራውን እንጠጣለን። ሂጂ።»

ኡማ አሚና ስኳሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ጀዛኪላሁ ኸይር! እናትሽን አላህ ያቆይልሽ» አሉ። እልፍነሽ እንደ ቅዳሜው ወደ ትንሿ መደብ ስትሄድ ግን እጇን ያዟት። «እዚያ አይደለም። ሙና ነግራኛለች። የቤታችንን መደብ ትምህርት ቤት ወስደሽ አስከበርሽው አሉ። ነይ፣ እኔ ጎን ትቀመጫለሽ።»

እልፍነሽ እምቢ ማለት አልቻለችም። ትልቁ መደብ ላይ፣ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች። ከዚያ ላይ ቤቱ በሙሉ ይታያል። በር አጠገብ፣ ትንሿ መደብ ላይ፣ ሙና ስኒ ታቀርባለች። ለአያቷ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ግልጽ ነው፤ የራሷን ስም ትታ የእልፍነሽን ብቻ ነው የነገረቻቸው።

«ሃያ አንደኛዋን አሰብሽበት?» አለች ሙና ከታች፣ ስኒዎቹን እያስተካከለች። «ቀላል ነው። ይቺ መደብ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሞላች። ሦስተኛ እንግዳ ቢመጣ ኡማ ግቢ ውስጥ አታቆመውም። ያኔ ያ ባዶው ቦታ ይከፈታል። ሃያ አንደኛዋ ወደ ሦስተኛው ሼል ትመለሳለች። ነገ እንደሱ በያቸው።»

እንደሱ በያቸው። ይቺ ልጅ ሰጥታ አይበቃትም! ማስታወሻውን ሰጠቻት፣ ቤቷን ከፈተችላት፣ አሳቧን ሰጠቻት፤ አሁን ደግሞ የቀረችውን ፍርፋሪ ሳታስቀር እየሰጠቻት ነው። እሷ በምላሹ አንዲት ቃል፣ አንዲት ስም ከለከለቻት። ጎኗ ያሉት መከዳዎች ወጓት።

ተነሥታ ወረደች። በር አጠገብ ደርሳ ሙና ጎን ተቀመጠች።

«ምነው ልጄ?» አሉ ኡማ አሚና።

«ያ ቦታ የኔ አይደለም፣ ኡማ። ያሰበችው ሙና ናት። አስተማሪው ሲጠይቁኝ ራሴ ነኝ ብዬ ዋሸሁ።»

ሙና ተርበተበተች። «ኡማ፣ እኔም ዝም አልኩ እኮ! እኔም…»

ኡማ አሚና ሙናን በዓይናቸው ዝም አሰኟት። እልፍነሽን ግን አልተቆጧትም። ስኒያቸውን አንሥተው ቀመሱ፣ ስኳሩ እንደጣፈጣቸው ያስታውቃል።

«ለኔ ነገርሽኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደግ አደረግሽ» አሉ። «እኔ ግን መኪናውን አልነዳም።»

እልፍነሽ ስትሄድ ሙና እስከ ፈላና በር ሸኘቻት። በሩ ስር ጫት ሻጮች፣ ከሶፊ የመጡ አህዮች፣ የሚያሽካካ ሕፃን፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው።

«ነገ ስምሽን እናገራለሁ» አለች እልፍነሽ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ። ካልፈለግሽ ማንም አያስነሣሽም።»

«ይስቁብኛል።»

«ከሳቁ ሁለታችን ላይ ነው የሚስቁት። ጎንሽ እቆማለሁ።»

ሙና የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

ረቡዕ መምህር ኃይለመስቀል ጠመኔውን ለእልፍነሽ ዘረጉላት። ተቀብላ ወደ ሰሌዳው ወጣች።

«ቲቸር፣ ሰኞ ዋሽቻለሁ። መደቡን ያሰበችው ሙና ናት። ቅዳሜ ቤታቸው አስረድታኝ ነው። ሃያ አንደኛዋንም የምታውቃት እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

እልፍነሽ ጠመኔውን ወደ ዴስካቸው ዘርግታ ቆመች። እጇ ዝሎ ሊወርድ ሲል ሙና ተነሣች። መጥታ ጠመኔውን ተቀበለች፤ ጣቶቿ በረዶ ነበሩ።

የመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ተሰበረ። እልፍነሽ ንቅንቅ ሳትል ጎኗ ቆማለች። ሙና ትንሿን መደብ ሣለች፣ ሁለት ሰው አስቀመጠችባት፣ ሦስተኛ እንግዳ በበሩ አስገባች፤ እንግዳው ወደ ላይ፣ ወደ ባዶው ቦታ ሲወጣ ድምጿም አብሮት ወጣ። 2፣ 8፣ 9፣ 2 ብላ ጻፈች። ያቺ ዓርብ የተሳቀባት ዘጠኝ አሁን በቦታዋ ናት።

ከኋላ ለማ አፉን ከፈተ። እልፍነሽ ጠላችው።

«ሃያ ሁለተኛዋስ?» አለ ለማ። እየቀለደ አልነበረም፤ ደብተሩ ላይ አጎንብሶ እየጻፈ ነበር።

«እሷም ወደዚያው» አለች ሙና፣ ሰሌዳውን እየጠቆመች። «ቦታው አንዴ ተከፈተ እኮ።»

መምህር ኃይለመስቀል ወረቀታቸውን አውጥተው የሙናን ስም ጻፉ። ከዚያ እልፍነሽን ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «አንቺስ?»

«እኔ ጥያቄውን ነው የጠየቅሁት፣ ቲቸር» አለች እልፍነሽና ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።

ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእነ እልፍነሽ በር ተንኳኳ። ሙና ናት። ከመኪናው ወርዳ ቤቷ እንኳ አልደረሰችም፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ዓይኗ ያበራል።

እነ እልፍነሽ ቤት አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። የአባቷ ነው፤ እሳቸው ለሥራ ጅጅጋ ሲሄዱም ማንም አይቀመጥበትም። እልፍነሽ ወንበሩን አየችው፣ እናቷን አየቻቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና መራራውን ሻይ ሊቀዱ ተነሡ።

«እዚህ ተቀመጪ» አለች እልፍነሽ፣ ሙናን እጇን ይዛ። ራሷ በር አጠገብ ያለችውን ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«እልፌ፣ ውኃው ላይ ሲጥሉት እኮ…»

«ቆይ፣ አንዴ» አለች እልፍነሽ። ከቅዳሜ ጀምሮ ያላለችው አንድ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ እሱ ይውጣላት። «ሙና፣ አመሰግናለሁ። ስለ መደቡ፣ ስለ ማስታወሻው፣ ስለ ሁሉም።»

ሙና አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ወንበሩ ሰፍቷታል።

«አሁን ንገሪኝ» አለች እልፍነሽ፣ ዱካዋን ጠጋ እያደረገች። «ምን ዓይነት ሐምራዊ ነው?»